የጌይና የሌዝቢያን ልቦለድ ለማንበብ ለምታስቡ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህ ጥያቄዎች በቴሌግራምም፣ በስልክም፣ ቡና ላይም የሚመጡልኝ ናቸው። አንዳንዱ የሚጠይቀኝ ራሱ ጌይ ስለሆነ ነው። አንዳንዷ እህቷ ሚስጥሯን ነግራት ምን እንደምትል ጠፍቷት ነው። ጥሩ ልቦለድ ስለሚወድ ብቻ የሚጠይቀኝም አለ። ለእያንዳንዱ ከምጽፍ አንድ ላይ ላስቀምጠው ብዬ ነው።

ምርጫዬን እንድትረዱልኝ አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገራችሁ። መጽሐፍ ስመርጥ መጀመሪያ የማየው እናት አለችበት ወይ የሚለውን ነው። እናት፣ አባት፣ ጎረቤት፣ ሰንበት ቤተ ክርስቲያን የሚያገኙት ሰው። እኛ ጋ ፍቅር የሁለት ሰው ጉዳይ ብቻ ሆኖ አያውቅም። ከኋላው ሰፈር አለ፣ እድር አለ፣ «ሰው ምን ይላል» አለ። ማንም ስልክ የማይደውልላቸው ሁለት ሰዎች አንድ አፓርታማ ውስጥ ተዘግተው የሚፋቀሩበት መጽሐፍ ያምር ይሆናል፤ እኔ ውስጥ ግን ብዙ አይቆይም። እናት በሩን አንኳኩታ የምትገባበት ግን ለዓመታት ይቆያል።

ከየት ልጀምር?

ከአጭሩ። ዩጋንዳዊቷ ሞኒካ አራክ ዴ ኒየኮ የጻፈችው «ጃምቡላ ትሪ» የሚባል አጭር ልቦለድ አለ። በ2007 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ለአፍሪካ አጭር ልቦለድ የሚሰጠውን የኬን ሽልማት ወስዷል። በአንድ ቁጭታ ያልቃል።

ቦታው ካምፓላ ነው፣ ናካዋ የሚባል የተፋፈገ ሰፈር። አንያንጎና ሳንዩ አብረው ያደጉ ሁለት ልጆች ናቸው። ጃምቡላ የኛ ዶቅማ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ፍሬውን የበላ ልጅ ምላሱ ጠቁሮ ቤቱ ይገባል፣ መካድ አይችልም። ታሪኩ የሚጀምረው አንያንጎ የሳንዩን መመለስ ስትሰማ ነው። ከማን ሰማች? ከጎረቤት። ከማማ አቲም። ከዓመታት በፊት ዛፉ ሥር ተይዘው ነበር፤ ሳንዩን ወደ ለንደን ላኳት፣ አንያንጎ ግን እዚያው ሰፈር፣ እዚያው ወሬ ውስጥ ቀረች። ጸሐፊዋ ስለ ፍቅሩ ብዙ አታብራራም። ሰፈሩን ነው የምታሳያችሁ፣ ከዚያ የሁለቱ ልጆች ነገር በራሱ ይገባችኋል። መርካቶም፣ ጨርቆስም፣ ጎንደርም ያደገ ሰው ማማ አቲምን ያውቃታል። ስሟ ብቻ ነው የሚለየው።

ሃይማኖተኛ ቤት ነው ያደግኩት። እንደዚያ ዓይነት ቤት ያለበት ልቦለድ አለ?

አለ። ይህን ጥያቄ ለጠየቀኝ ሁሉ የምሰጠው አንድ መጽሐፍ ነው፦ የናይጄሪያዊቷ ቺኔሎ ኦክፓራንታ «አንደር ዘ ኡዳላ ትሪስ»። የወጣው በ2015 ነው። ኡዳላ የፍሬ ዛፍ ነው፤ ርዕሱ «ከኡዳላ ዛፎች ሥር» ማለት ነው።

ጊዜው የቢያፍራ ጦርነት፣ የናይጄሪያ የእርስ በርስ ጦርነት ነው። ኢጆማ የምትባል ልጅ አባቷ በአየር ድብደባ ይሞታል። እናትየው ረሃቡም ሐዘኑም ሲከብዳት ልጇን ሌላ ከተማ፣ ሰው ቤት ትልካታለች። ልጅቷ እዚያ የምትቆየው እየሠራች ነው፤ ጓዳ ትገባለች፣ ታጥባለች፣ ትላላካለች። ሰው ቤት ተልኮ ያደገ ዘመድ የሌለው ማን አለ? እዚያ አሚናን ታገኛለች። ኢጆማ ኢግቦ ናት፣ ክርስቲያን። አሚና ደግሞ ሃውሳ፤ ጦርነቱ ያፋጠጣቸው ሁለት ወገኖች ናቸው። በዚያ ጦርነት ውስጥ ሁለቱ አንድ ምንጣፍ ላይ መተኛታቸው ብቻውን ጉድ ነው፤ መዋደዳቸው ሲጨመርበት አስቡት።

ከተያዙ በኋላ ያለውን ክፍል ነው ደጋግሜ ያነበብኩት። እናትየው ልጇን ወደ ራሷ ቤት ትመልሳትና መጽሐፍ ቅዱስ ታስተምራታለች። በየቀኑ፣ ከዘፍጥረት ጀምራ። አትገርፋትም፣ አታባርራትም። ታስተምራታለች። ልጅቷም ታዳምጣለች፣ ከዚያ ትጠይቃለች። ሎጥ ሴቶች ልጆቹን ለዚያ ሕዝብ ላውጣላችሁ ማለቱስ? እናት መልስ ታጣለች፣ ትቆጣለች፣ በነጋታው ደግሞ መጽሐፉን ትከፍታለች። እኔ እዚህ ክፍል ላይ ማንን እንደምጠላ አላወቅሁም። ሴትዮዋ ልጇን ከሲኦል እያወጣኋት ነው ብላ ነው የምታምነው፣ እጇ እየተንቀጠቀጠ። ኦክፓራንታ እናትየዋን ጭራቅ አላደረገቻትም፤ መጽሐፉን ከሌሎቹ ከፍ የሚያደርገው ይህ ነው።

ልጅቷ በኋላ ባል ታገባለች፣ ትወልዳለች። ቀሪውን አልናገርም። ይህን ያህል ልበል፦ መጽሐፉ እናትየዋን ረስቷት አያልቅም። መጨረሻው ገጽ ላይ ደራሲዋ በጥር 2014 ናይጄሪያ ስላወጣችው ሕግ አጭር ማስታወሻ አስቀምጣለች፤ በተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ እስከ 14 ዓመት የሚያሳስር ሕግ ነው። ልቦለዱን ጨርሳችሁ ያንን ስታነቡ ይከብዳችኋል።

ባልድዊንን ሁሉም ያነሳል። ለምንድን ነው?

ስለሚገባው ነው። «ጆቫኒስ ሩም»፣ «የጆቫኒ ክፍል» ማለት ነው፣ በ1956 ወጣ። ጄምስ ባልድዊን ያኔ ገና በሠላሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። የመጀመሪያ ልቦለዱን ያሳተመለት ድርጅት ይህንን አላትምም አለ። ጥቁር ደራሲ ነህ፣ ስለ ጥቁሮች ትጽፋለህ ብለው የሚጠብቁት አንባቢዎች አሉት፤ እሱ ደግሞ ነጭ ገጸ ባሕርያትን ብቻ ይዞ፣ ፓሪስ ላይ ስለሚፋቀሩ ሁለት ወንዶች ጻፈ። ሌላ አሳታሚ አገኘና ወጣ።

እኔ መጀመሪያ ያነበብኩት አውቶቡስ ውስጥ ነው። ሽፋኑን በጋዜጣ ለብጄ፣ ልክ መስከረም ሲጠባ ደብተር እንደምንለብደው። ማንም ርዕሱን አንብቦ ምንነቱን አያውቅም ነበር፤ እኔ ግን ሁሉም የሚያየኝ ይመስለኝ ነበር። ያ ስሜት መጽሐፉ ውስጥም አለ። ዴቪድ የሚባለው አሜሪካዊ እንደ እኔው ነው፣ የማያየው ሰው ሁሉ የሚያየው ይመስለዋል።

ክፍሉን ልብ ብላችሁ አንብቡ። ጆቫኒ ጣልያናዊ ነው፣ ቡና ቤት ውስጥ መጠጥ ይቀዳል፣ የሚኖረው ከከተማው ዳር አንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ውጭ ያለ ሰው እንዳያያቸው መስኮቱ በነጭ ነገር ተቀብቷል። ዕቃው ተዝረክርኳል። በኋላ ጆቫኒ ግድግዳውን እየፈለፈለ፣ ጡብ እያወጣ የመጽሐፍ መደርደሪያ ሊያበጅ ይሞክራል። ቤት ሊያደርገው ነዋ! ዴቪድ ያንን እያየ የሚያስበው ግን እንዴት እንደሚወጣ ነው። አንዱ ጎጆ ይቀልሳል፣ ሌላው በሩን ያያል።

አባትየውም አለ። ከአሜሪካ «ወደ ቤትህ ና» እያለ ይጽፋል፣ ገንዘቡን ይዞበታል። ደብዳቤዎቹ ውስጥ አንድም ክፉ ቃል የለም፤ ልጁን የሚወድ አባት ነው። ዴቪድ ግን ለአባቱ አንዲት እውነት መናገር አይችልም፣ እና ያንን ዝምታ ወደ ሰው ሁሉ ይዞት ይሄዳል። ወደ ጆቫኒም፣ ወደ እጮኛው ሄላም። ብዙ ሰው ይህ መጽሐፍ ጌይ መሆን ወደ ጥፋት እንደሚወስድ ያሳያል ይላል። እኔ አልስማማም። ጆቫኒን የገደለው ፍቅሩ አይደለም። ጥሎት የሄደው ሰው ፍርሃት ነው። ሄላንም የሰበራት ያው ፍርሃት ነው።

200 ገጽ እንኳን አይሞላም። ግን በአንድ ቀን አትጨርሱት።

በነገራችን ላይ ኢትዮጵያ ተወልዶ አሜሪካ የሚያስተምረው ምሁር ዳግማዊ ውብሸት ስለ ባልድዊንና ስለ ፍቅር የጻፈው አለ፣ ፈልጋችሁ አንብቡት። በ2015 ያሳተመው «ዘ ካሌንደር ኦፍ ሎስ»ም ልቦለድ ባይሆንም ግሩም ነው፤ ኤድስ ሰዉን በሚያረግፍበት በመጀመሪያው ዘመን የጌይ ገጣሚዎችና አርቲስቶች ጓደኞቻቸውን እንዴት እንዳለቀሱ ያሳያል። ወላጆቻቸውን በኤድስ ያጡ የኢትዮጵያ ልጆች ለሞቱት የጻፏቸውን ደብዳቤዎችም እዚያው መጽሐፍ ውስጥ አንስቷል። ያንን ዘመን አገር ቤት ሆናችሁ ያሳለፋችሁ ሰዎች፣ ድንኳን በየሳምንቱ ሲተከል ያያችሁ፣ መጽሐፉ ቅርባችሁ ነው።

ለምንድን ነው ሁሉም በሞት የሚያልቀው? ደስ የሚል መጨረሻ ያለው የለም?

አለ። ግን ለምን እንደጠፋ ማወቅ ይጠቅማል፣ ምክንያቱም የደራሲዎቹ ጥፋት ብቻ አይደለም።

በ1928 እንግሊዝ ውስጥ ራድክሊፍ ሆል «ዘ ዌል ኦፍ ሎንሊነስ» የሚል ልቦለድ አወጣች። ወሲብ የሚባል ነገር የለበትም። አንድ ሌሊት ሁለት ሴቶች አልተለያዩም የምትል ዓረፍተ ነገር አለች፣ በቃ። ፍርድ ቤቱ ግን ጸያፍ ነው ብሎ እንዲወገድ አዘዘ። እዚያው አገር እንደገና የታተመው በ1949 ነው። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ በ1950ዎቹ በርካሽ የሚሸጡ ትንንሽ መጻሕፍት ነበሩ። መጽሐፍ በፖስታ ስለሚጓዝና ፖስታ ቤቱ ሊይዘው ስለሚችል አሳታሚው ቀድሞ ይጠነቀቅ ነበር። በ1952 ለወጣው «ስፕሪንግ ፋየር» ደራሲዋ የተነገራት ሁለቱ ሴቶች አብረው ደስ ብሏቸው መጨረስ እንደማይችሉ ነው። ስለዚህ አንዷ ታብዳለች፣ አንዷ ደግሞ ነገሩን ትክዳለች። አንባቢው ይህን ሳያውቅ «ለካ መጨረሻው ይሄ ነው» ብሎ መጽሐፉን ይዘጋል።

በዚያው በ1952 ፓትሪሺያ ሃይስሚዝ «ዘ ፕራይስ ኦፍ ሶልት»ን አወጣች፣ በብዕር ስም። በራሷ ስም የወጣው በ1990 ነው፣ «ካሮል» በሚል ርዕስ፤ በ2015 የወጣውን ፊልም ያየ ብዙ ሰው አለ። ተሬዝ የምትባል ወጣት በገና ሰሞን ትልቅ መደብር ውስጥ አሻንጉሊት ትሸጣለች። ካሮል ለልጇ አሻንጉሊት ልትገዛ ትመጣለች፣ ዕቃው እንዲላክላት አድራሻዋን ትሰጣለች። ተሬዝ አድራሻውን ይዛ የገና ካርድ ትልካለች። ሁሉም ነገር ከዚያ ይጀምራል፣ ከአንድ አሻንጉሊትና ከአንድ አድራሻ። ካሮል እናት ናት፣ እየተፋታች ነው፣ ባልየው ሰላይ ቀጥሮ ያስከትልባቸዋል፤ ፍርድ ቤቱ ልጇን እንዳታሳድግ ሊፈርድባት ይችላል። ዋጋው ቀላል አይደለም። መጨረሻው ግን ተስፋ አለው፣ ያ ደግሞ በዚያ ዘመን ብርቅ ነበር።

ኢ. ኤም. ፎርስተር ደግሞ «ሞሪስ»ን በ1913 እና በ1914 ጽፎ ቆለፈበት። ለቅርብ ጓደኞቹ ብቻ ያስነብብ ነበር። ሁለቱ ወንዶች አብረው እንዲቀሩ ቆርጦ ነበር፣ ቢያንስ በልቦለድ። አንዱን ቢሰቅለው ኖሮ ማሳተም ይቀል ነበር። አላደረገውም። በ1970 ሞተ፣ መጽሐፉ በ1971 ወጣ። ወደ 60 ዓመት ገደማ ሳጥን ውስጥ የቆየ የደስታ መጨረሻ ማለት ነው።

ስለ ሴቶች ብቻ የሆነ ምከረን።

ከላይ ካነሳኋቸው ብዙዎቹ ስለ ሴቶች ናቸው። ሁለት ልጨምር።

አሊስ ዎከር በ1982 ያወጣችው «ዘ ከለር ፐርፕል» በዓመቱ የፑሊትዘር ሽልማት አግኝቷል። ሴሊ የተባለች የተረገጠች ሴት ለእግዚአብሔር ደብዳቤ ትጽፋለች፣ ምክንያቱም የሚሰማት ሌላ የለም። ከዚያ ሹግ ኤቨሪ የምትባል ዘፋኝ ትመጣለች። ሹግ የባሏ ውሽማ ነበረች፤ ሴሊ ግን አስታማ፣ ፀጉሯን አበጥራ ታድናታለች። ፍቅሩ በማበጠሪያ ነው የሚጀምረው ብል ማጋነን አይሆንም። መጀመሪያዎቹ ገጾች በጣም ይከብዳሉ፣ በልጅ ላይ የሚፈጸም መደፈር አለበት። ይህን አውቃችሁ ግቡ።

የሳራ ዎተርስ «ፊንገርስሚዝ» (2002) ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። የድሮ ለንደን፣ ሌቦች፣ ውርስ፣ ማታለል። መሃል ላይ ታሪኩ ተገልብጦ አፋችሁን ይዛችሁ ትቀራላችሁ። ወፍራም ነው ግን ይሮጣል።

እኔ ባለትዳር ነኝ፣ ዕድሜዬም ገፍቷል። ለኔ የሚሆን አለ?

«ሚስተር ለቨርማን»። በርናርዲን ኤቫሪስቶ፣ 2013። ይህን ጥያቄ የጠየቁኝ ሰዎች ጥቂት ናቸው፣ ግን ሁሉም ድምፃቸውን ቀንሰው ነው የጠየቁኝ።

ባሪንግተን ዕድሜው 74 ነው። ከአንቲጓ ወደ ለንደን ከመጣ ብዙ ዘመኑ። ሱፉን ለብሶ፣ ባርኔጣውን ደፍቶ የሚንጎራደድ ሽማግሌ። ሚስቱ ካርመል የቤተ ክርስቲያን ሰው ናት፤ ሃምሳ ዓመት በትዳር ኖረዋል፣ ሁለት ሴት ልጆች ወልደዋል። ከልጅነቱ ጀምሮ የሚወደው ግን ጓደኛውን ሞሪስን ነው። ካርመል ባሏ ሴት አውል ነው ብላ ስታምን ኖራለች። አንድ ሌሊት አምሽቶ ሲገባ ነቅታ ትጠብቀዋለች፣ ጭቅጭቁ ይነሳል። እንዲህ ዓይነት ጭቅጭቅ በግድግዳ በኩል ያልሰማ የለም።

ይህን መጽሐፍ የምወደው ለካርመል የራሷን ምዕራፎች ስለሰጣት ነው። ባሪንግተን ያስቃል፣ ያሳዝናል፣ ትወዱታላችሁ። ከዚያ ካርመል ትናገራለች፣ እና ሃምሳ ዓመት የማይፈልጋት ሰው አልጋ ላይ የተኛች ሴት ምን እንደተወሰደባት ታያላችሁ። «አግባ፣ ይተውሃል» የሚል ዘመድ ያላችሁ ሁሉ የካርመልን ምዕራፎች አንብቡለት። ቤተሰብ ልጁን በግድ ሲድር የሚጎዳው አንድ ሰው ብቻ አይደለም።

ይሄ የፈረንጅ ነገር አይደለም እንዴ? አፍሪካውያን ይጽፉታል?

ይጽፉታል፣ ድሮም ይጽፉ ነበር። የጋናዋ አማ አታ አይዱ በ1977 ባወጣችው «አወር ሲስተር ኪልጆይ» ውስጥ አንዲት ጋናዊት ተማሪ ጀርመን ሄዳ አንዲት እናት ትወዳታለች። ራሷ አይዱ በ2006 የአፍሪካ የፍቅር ታሪኮችን ስትሰበስብ «ጃምቡላ ትሪ»ን አካታዋለች፤ በኋላ ሽልማቱን የወሰደውም እሱ ነው። ደቡብ አፍሪካዊው ኬ. ሴሎ ዱይከር «ዘ ኳየት ቫዮለንስ ኦፍ ድሪምስ»ን በ2001 አወጣ፣ ኬፕታውን ውስጥ ራሱን ስለሚፈልግ ወጣት። ሞሮኳዊው አብደላ ታያ አለ። የኢኳቶሪያል ጊኒዋ ትሪፎኒያ መሊቢያ ኦቦኖ «ላ ባስታርዳ»ን ጽፋለች፤ እናቷ ሞታባት አባቷን የምትፈልግ ልጅ ታሪክ ነው፣ ቀጭን መጽሐፍ ነው።

ከኛው ቀንድም አለ። ሞቃዲሾ ተወልዶ ናይሮቢ አድጎ ለንደን የገባው ዲሪዬ ኡስማን «ፌሪቴልስ ፎር ሎስት ችልድረን»ን በ2013 አሳተመ። አጫጭር ታሪኮች ናቸው፣ ሥዕሎቹንም ራሱ ነው የሳላቸው። ሶማሌ ቤተሰብ፣ ስደት፣ እስልምና፣ አያት፣ ሻይ። ሶማሌና ሐበሻ ጎን ለጎን ከሚኖሩበት ሰፈር የመጣ ሰው ቋንቋው ብቻ ነው የሚቀየርበት።

በአማርኛ ምን ብለን እንጥራው?

ይህ ከመጽሐፍ ምርጫ ውጭ ይመስላል፣ ግን ስለ አንድ ልቦለድ ለማውራት ቃል ያስፈልጋል። በሕግና በዜና የሚሰማው ቃል የሰዶምን ስም የያዘው ነው። በዚያ ቃል የፍቅር ታሪክ መተረክ አይቻልም፤ አፍ ላይ ሲወጣ ፍርዱን ይዞ ነው የሚወጣው። «የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ» የሚለው ትክክል ነው ግን ረጅም ነው፣ ቢሮ ቢሮ ይሸታል። አዲስ አበባ ውስጥ ራሳቸው ሰዎቹ እርስ በርስ «ዜጋ» ይባባላሉ። «እሱ እኮ ዜጋ ነው።» ሌላው ሰው ቢሰማም ምንም አይጠረጥርም። እኔ ይህን ቃል በጣም ነው የምወደው። ስትጽፉ ግን አንባቢ ሁሉ እንዲገባው «ጌይ» እና «ሌዝቢያን» ማለት ይበቃል።

ወሲብ ይበዛባቸዋል?

ከጠቀስኳቸው አብዛኞቹ አይበዛባቸውም፤ የዱይከር መጽሐፍ ግን በግልጽ የተጻፈ ወሲብ አለበት። የቀሩት ከማንኛውም ለትልቅ ሰው ከተጻፈ የፍቅር ልቦለድ አይለዩም።

እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው።

«ጃምቡላ ትሪ» እና «አንደር ዘ ኡዳላ ትሪስ» አይከብዷችሁም፣ ዓረፍተ ነገሮቹ ግልጽ ናቸው። ባልድዊን ረጃጅም ዓረፍተ ነገር ይወዳል፣ ድምፅ አውጥታችሁ ብታነቡት ይቀላል። «ሚስተር ለቨርማን» የካሪቢያን አነጋገር ስላለበት በድምፅ መጽሐፍ ብትሰሙት ይሻላል። «ፊንገርስሚዝ»ን ለኋላ አቆዩት።

ሰው ሳያይብኝ እንዴት ላንብብ?

አሜሪካ ያላችሁ የከተማችሁ ቤተ መጻሕፍት ካርድ ካላችሁ ሊቢ በሚባለው መተግበሪያ በነፃ ትዋሳላችሁ፣ በጽሑፍም በድምፅም። ሽፋን የለውም፣ ጊዜው ሲያልቅ ራሱ ይመለሳል።

ኢትዮጵያ ላላችሁ ግን በቁም ነገር እናገራለሁ። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 629 የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን ይቀጣል፣ ከሕጉ በላይ ደግሞ ሰፈር አለ። ስልካችሁን ቆልፉ። ለማታምኑት ሰው ፋይል አትላኩ። በግሩፕ ውስጥ ርዕስ አትጣሉ። የምትኖሩት ከቤተሰብ ጋር ከሆነና ስልካችሁን ወንድም እህት የሚነካካው ከሆነ አንብባችሁ አጥፉት። ጋዜጣ ለብጄ ያነበብኩ ሰው ነኝ፣ በዚህ አላፍርም፤ እናንተም አትፈሩ፣ ግን ተጠንቀቁ። ገልፍ አገሮች ያላችሁም እንደዚሁ፣ በተለይ ሰው ቤት የምትሠሩ እህቶቼ።

እኔ ጌይ አይደለሁም። ይህን ማንበብ ምን ያደርግልኛል?

አንዷ ጓደኛዬ በ2019 የወጣውን የኦሽን ቩዎንግን «ኦን ኧርዝ ዊር ብሪፍሊ ጎርጀስ» አንብባ ደወለችልኝ። ያለቀሰችው በፍቅሩ አይደለም። መጽሐፉ ማንበብ ለማትችል እናት የተጻፈ ደብዳቤ ነው። እናትየው ከቬትናም የመጣች ናት፣ ጥፍር የሚያሳምሩበት ቤት ትሠራለች። አንድ ቀን ከአያትየው ጋር ሆነው ሥጋ ቤት ይገባሉ፣ የበሬ ጭራ ሊገዙ። እንግሊዝኛው ይጠፋባታል። በምልክት፣ በድምፅ፣ እንደ ላም እየሆነች ልታስረዳ ትሞክራለች፤ ሻጮቹ ይስቃሉ። ልጁም ቋንቋው አይበቃውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቱ ቃል አጥታ እንዳትቆም ለራሱ ይምላል። ጓደኛዬም በዘጠኝ ዓመቷ ሆስፒታል ውስጥ ለእናቷ ስታስተረጉም ያደገች ናት።

በኋላ ይኸው ልጅ እናቱን ዳንኪን ዶናትስ ቁጭ አድርጎ ሴት እንደማይወድ ይነግራታል። እሷ ከምትጠይቀው ውስጥ አንዱ ቀሚስ ትለብሳለህ ወይ የሚል ነው። ከዚያ ደግሞ እሷም የራሷን ሚስጥር ታወጣለች፣ ለማንም ያልነገረችውን። እንግዲህ ይህ ለማን ነው የተጻፈው? የጌይ ልጅ ነው? የስደተኛ እናት ነው? ጓደኛዬ አልለየችውም፣ እኔም አልለየሁትም።

ነጠላ ጽሑፍ ብቻ፣ ዛሬ ማታ የማነበው።

ኬንያዊው ቢንያቫንጋ ዋይናይና በጥር 2014 በኢንተርኔት ያወጣው «አይ አም ኤ ሆሞሴክሹዋል፣ መም»። የሕይወት ታሪኩ የጠፋው ምዕራፍ ነው ብሎታል። እናቱ በ2000 ሞታለች፣ እሱ ሩቅ ነበር፣ አልደረሰም። እዚህ ጽሑፍ ላይ ግን ይደርሳል። አልጋዋ አጠገብ ቁጭ ብሎ ጆሮዋ ላይ ያንሾካሹካል። ከዚያ ደግሞ እንዳልደረሰ ይነግረናል። ያልሆነውን ነገር መጀመሪያ እንደሆነ አድርጎ መጻፉ ነው ልብ የሚሰብረው። በ2019 ሞተ፣ 48 ዓመቱ ነበር።

የትኛውን አትጀምሩበት ትላለህ?

«ዘ ዌል ኦፍ ሎንሊነስ»ን። ታሪካዊ ነው፣ ብዙ ሴቶችን ብቻችሁን አይደላችሁም ብሏል፣ አከብረዋለሁ። ግን ረጅም ነው፣ ሐዘኑም ያደክማል። መጀመሪያ ካነበባችሁት ሁሉም እንደዚህ ነው ብላችሁ ትተዉታላችሁ። ሦስተኛ ወይም አራተኛ ላይ ይሁን።

ለእናቴ የትኛውን ልስጣት?

ይህ ጥያቄ ነው ከሁሉም የሚከብደኝ፣ እና የራሴን ብቻ ነው የምነግራችሁ።

እናቴ እንግሊዝኛ አታነብም። ስለዚህ አንድ እሑድ ቡና እያፈላች የኢጆማን ታሪክ በአማርኛ ነገርኳት፣ እንደ ተረት። ጦርነቱን ስነግራት የራሷን ዘመን አስታወሰች። ሰው ቤት መላኳን ስነግራት «ምስኪን» አለች። አሚና ላይ ስደርስ ድምፄ ቀነሰ፣ ግን አልዘለልኩትም። ሁለቱ ልጆች ተዋደዱ አልኩ፣ እንደ ወንድና ሴት ተዋደዱ። ጀበናውን ከከሰሉ ላይ አንስታ ማቶቱ ላይ አስቀመጠች። ምንም አላለችም። ትምህርቱን ነገርኳት፣ ዘፍጥረቱን፣ ጋብቻውን፣ ሁሉንም። አቦሉ አለቀ።

ቶናውን እየቀዳች አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

«እናትየዋስ? መጨረሻ ላይ ምን አለቻት?»

ነገርኳት። ስኒዬን ሞልታ ሰጠችኝና «እንደገና ንገረኝ፣ ከአሚና ጀምሮ» አለች።